ከአጥር ሥር የወደቀች ሎሚ

ፀሎት ገና ሳትቀበር ሁለት ጊዜ ተፈረደባት። መጀመሪያ የፈረደባት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሬሳዋን ያነሣው ተረኛ መርማሪ ነው። ልጅቱ ካዛንቺስ ካለ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ሰገነት ላይ ወድቃ ሞታለች፤ ጠረጴዛው ላይ በእጇ የተጻፈ ግጥም ተገኝቷል፤ ግጥሙ ስንብት ይመስላል። መርማሪው ራሷን ገደለች ብሎ ጽፎ ወደ እራቱ ሄደ። ሁለተኛው ፍርድ እሑድ ጠዋት መጣ። የንስሐ አባቷ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ራሱን በእጁ ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ለእናቲቱ ነገሯቸው።

እናቲቱ ወይዘሮ ጥሩዬ ይባላሉ። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለች አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ በመሸጥ ያቺኑ አንዲት ልጅ አሳድገው፣ መምህራን ኮሌጅ አስገብተው፣ ሊያስመርቋት ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ሰኞ ጠዋት ጥቁር ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ስታዲየም አካባቢ ወዳለው የወንጀል ምርመራ ቢሮ መጡና ኢንስፔክተር መነን ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ አሉ።

«ማን ገደላት ብዬ አልጠይቅሽም፤ እሱን ፈጣሪ ያውቀዋል» አሉ። «ልጄ ራሷን አልገደለችም ብለሽ ጻፊልኝና ከአባቷ ጎን በፍትሐት ልቅበራት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

መነን ሰው ማጽናናት አትችልበትም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በሌለችበት «መርፌዋ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ የነካችው ሁሉ ይደማል። እዚያው እንደተቀመጠች፣ «ገድላ ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ከሆነማ እኔንም ስሞት ከአጥር ውጭ አብራችሁ ቅበሩኝ።»

ሬሳው በማግስቱ ከሆስፒታል ይወጣል። ስለዚህ ያላት ጊዜ ያ ቀን ብቻ ነው። መነን እናቲቱን ከሸኘች በኋላ ከመዝገቡ ጋር የመጣውን የላስቲክ ከረጢት ከፍታ ግጥሙን አወጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ግጥም አትወድም። ስድስተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ «አበባዋ የምን ምሳሌ ናት?» ብሏት «አበባ ናት» ብላ ስለመለሰች በአርጩሜ ተገርፋለች። እስከ ዛሬም ተሳስቼ ነበር አትልም። ቢሆንም ወረቀቱን ዘርግታ አነበበች።

ሎሚህ ስታኝ አልፋ ካጥሩ ሥር ወደቀች፤
ነፍሴ ግን ሳትነካ በሎሚህ ቆሰለች።
ሰው ሲበታተን ግን ዞሬ ተመለስኩኝ፤
በነጠላ ጫፌ ቋጥሬ ደበቅኩኝ።
ደርቃ ጠንክራለች ዛሬም ከሣጥኔ፤
አንተ ሳታውቀኝ ነው የሞትኩልህ እኔ።
ተራው ደግሞ የኔ፣ ዛሬ እኔ ልወርወር፤
ካጥርህ ሥር ወድቄ እንደ ሎሚህ ልደር።

በጥምቀት ሎሚ የተወረወረባት ልጃገረድ ናት የምትናገረው። ፀሎትም የተገኘችው ከሰገነቱ በታች፣ ከአጥሩ ሥር ነው። ተረኛው መርማሪ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልግ? መነን ግን የግጥሙን ቃል ትታ ወረቀቱን ታየው ጀመር። ቀለሙ እዚህም እዚያም ፈስሷል፤ ውሃ ነክቶታል። ወረቀቱ ራሱ ግን ደርቋል፣ አንዲት መጨማደድ እንኳ የለውም፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቡናማ የሆነ፣ የተቃጠለ የሚመስል ምልክት አለ። ከልጅቱ ቦርሳ የወጡት ሌሎቹ ወረቀቶች ዝናብ አበስብሷቸው እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ገንፎ ሆነዋል። እንደ እነሱ ውሃ የነካው ይህ አንዱ ብቻ እንዴት እንዲህ ሊያምርበት ቻለ? ይህን ራሷን ጠየቀችና ሳጅን ደጋጋን አስከትላ ወደ ካዛንቺስ ወጣች።

ቤቱ የአቶ ዘነበ ነው። አቶ ዘነበ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ነጭ ጢማቸውን እየዳበሱ የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ላይኛው ፎቅ ከእንጨት የተሠራ ሆኖ ከፊቱ ዝቅተኛ መከታ ያለው ሰገነት አለው። ሰፈሩ ሊፈርስ ስለሆነ በአጥሩ ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቶበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰባት የግጥም ወዳጆች እዚያ ላይ ይሰበሰባሉ። ያን ቅዳሜ ዝናቡ አራቱን አስቀርቷቸዋል።

አቶ ዘነበ የሆነውን ተናገሩ። ጸጉራቸውን ሊስተካከሉ ወጥተው ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ሲመለሱ ከማኅበሩ አባላት አንዱ የሆነው ኤልዳድ በር ላይ ገጠማቸው፤ አብረው ገቡ፤ ከአጥሩ ሥር ወድቃ አገኟት። ፖሊስ ሲመጣ ወረቀቱን አሳያቸውና ጽሑፉ የማን እጅ ነው ብሎ ጠየቃቸው። የፀሎት ነው አሉ። ውሸት አልነበረም።

መነን ግጥሙን ከፊታቸው አስቀመጠችና፣ «ሎሚዋ ምንድን ናት?» አለቻቸው።

ጢማቸውን ዳበሱ።

«አርባ ዓመት ይህንኑ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ምን ለማለት ነው? ልጅቱ ልትሞት ነበር?»

«ስለዚህ ግጥም ምንም አልናገርም።»

«ለምን?»

«አልናገርም፤ በቃ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መነን አልተጫነቻቸውም። የማይናገር ሰው ራሱ አንድ ነገር እየነገረኝ ነው ብላ ታምናለች።

ቀጥሎ የተጠራው ሔኖክ ነው። ባንክ ይሠራል፤ የፀሎት ፍቅረኛ ነበር። ዐይኑ አብጧል፤ ከረባቱ ግን በደንብ ታስሯል። ቅዳሜ ዕለት በዝናቡ አብረው እስከ በሩ መጡ። ከዚህ የግጥም ማኅበር ውጪ፣ የሽማግሌና የሥራ ፈት መሰብሰቢያ ነው አላት። እሱ ራሱ አባል መሆኑን አስታወሰችው። ተጨቃጨቁ። ከዚያ ጥሏት ሄደ።

«ጃንጥላ ነበራችሁ?»

ሔኖክ ራሱን አቀረቀረ። «ነበረኝ።»

«ይዘኸው ሄድክ?»

«ተናድጄ ነበር... አዎ።»

መነን ግጥሙን ሰጠችው። ሔኖክ አንብቦ ሳይጨርስ አለቀሰ። ሎሚዋ የእሱ ናት፤ የወረወራት እሱ ነው፤ የሞተችለትም ለእሱ ነው። እያለቀሰ ይህን ሁሉ ሲዘረዝር፣ ከኀዘኑ በታች የሆነ ደስታ የሚመስል ነገር ድምፁ ውስጥ ተሰማት። አስጠላት፤ ግን ወንጀል አይደለም።

ኤልዳድ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የግጥም ፕሮግራም ያዘጋጃል። ያለፈው ሳምንት የፀሎትን ግጥም በሁሉም ፊት ዘልዝሎ አስለቅሷት እንደነበር ሳይጠየቅ ተናገረ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ራሱ ቢነግራት እንደሚሻል ገምቶ ነው። መነን ወረቀቱን ሳታሳየው ግጥሙን አነበበችለት።

«ማለቴ፣ ኢንስፔክተር፣ ሎሚዋን ላይት አድርገሽ እንዳታያት። ሲምቦል ናት» አለ እጁን እያወናጨፈ። «አጥሩ ታሪክ ነው፤ ሎሚዋ ጄኔሬሽኑ ነው። ተወርውሮ የቀረ ጄኔሬሽን። ሣጥኑ ደግሞ፣ በቃ፣ ዝምታችን ነው።»

«ፀሎት ይህን ሁሉ አስባ ነው የጻፈችው?»

«እስቲ ልየው።» ወረቀቱን ተቀብሎ ገና እንዳየው ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ የሷ አይደለም። ይቺን ነጥብ አየሻት? ከላይ ጥጉ ላይ? ግልባጭ ነው።»

መነን አስረዳኝ አለችው፤ እሱም ዘርዝሮ አስረዳት። የማኅበሩ ወግ ነው። እያንዳንዱ አባል ግጥሙን ሙዳይ ውስጥ ይከታል፤ እያንዳንዱ የሌላውን ያወጣል። ያወጣውን ቤቱ ወስዶ በራሱ እጅ ይገለብጣል፣ ጥጉ ላይ ነጥብ ያኖርበታል፣ ዋናውን ይቀድደዋል። ለሚመጣው ቅዳሜ ግልባጩን ያነብባል። እንዲህ የሚደረገው የጸሐፊው እጅ ታውቆ አድልዎ እንዳይኖር ነው። ግጥሙ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ አይናገርም። ሌሎቹ ሲተነትኑ ባለግጥሙ አንዲት ቃል አይተነፍስም። በመጨረሻ አንባቢው «ግጥሙ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ የጻፈው ይነሣል።

«ይህን ለፖሊስ ለምን አልተናገርክም?»

«ወረቀቱን ያሳየኝ የለማ። ግጥም ትታ ሞተች ብቻ ነው የተባልነው።»

መነን ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። ደረጃውን ወርዳ ምድር ቤት ገባች።

የአቶ ዘነበ ባለቤት ወይዘሮ ሸዋአየሁ ልብስ እየተኮሱ ነበር። መብራት ስለጠፋ የከሰሉን ካውያ አውጥተው አንሶላ ላይ ያመላልሱታል። ስድሳውን አልፈዋል፤ ጀርባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። ሰኞም ቅዳሜም ልብስ እንደሚተኩሱ፣ ላይ ቤት ላለው ስብሰባ ሻይ አድርሰው ከመመለስ በቀር ተቀምጠው ሰምተው እንደማያውቁ ነገሯት። ፀሎትን አይተዋት እንደነበር ስትጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጓሮ ነበርኩ ልጄ። ስትገባም አላየኋት።»

«ግጥሙን ላንብብልዎት?»

«እኔ የግጥም ነገር አይገባኝም። የሱ ሥራ ነው።»

ቢሆንም አነበበችላቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቀስ ብላ። ካውያው አልቆመም። ሎሚውም፣ ነጠላውም፣ ሣጥኑም ሲነበብ የአንሶላውን ጠርዝ ይዘው ወዲያና ወዲህ እያሉ ቀጠሉ። ስትጨርስ፣ «ነፍሷን ይማር» አሉና አንሶላውን አጥፈው ሊያስቀምጡ ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። ውስጡ ከታች አንዲት ትንሽ የእንጨት ሣጥን አለች፤ ክዳኗ ተሰብሮ ተከፍታ ቀርታለች። ከሻሾቹ መካከል ጥቁር፣ ክብ፣ ጠጠር የምታህል ነገር ለመነን ታየቻት። እጇን ሰድዳ አነሣቻት። ቀላል ናት፤ ስትነቀነቅ ውስጧ የደረቀ ፍሬ ይንኮሻኮሻል።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ለብል ነው» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ፤ ከእጇ ላይ ቀምተው መለሷት። ከገባች ጀምሮ እኚህ ሴት ሲቸኩሉ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። መነን አመስግናቸው ወጣችና ደጋጋን ወደ ቂርቆስ ላከችው። የፀሎትን እናት ይዟቸው እንዲመጣ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ላይ ቤት ተሰበሰቡ። መነን ከቅዳሜዎቹ ወንበሮች አምስቱን ብቻ እንደ ወጉ ዙሪያውን አስደረደረች። አቶ ዘነበ በቦታቸው፣ ኤልዳድና ሔኖክ ከግራና ከቀኝ፣ ወይዘሮ ጥሩዬ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ቆሜ ልስማ ቢሉ፣ «ዛሬ ይቀመጣሉ» አለቻቸው። የፀሎት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሌላ ባዶ ወንበር አልነበረም።

«ወይዘሮ ጥሩዬ፣ የጠየቁኝን አስቀድሜ ልመልስልዎ» አለች መነን። «ልጅዎ ራሷን አልገደለችም። ሰው ነው የገደላት።»

ወይዘሮ ጥሩዬ ከወንበራቸው ተንሸራተው ተንበረከኩ። ግንባራቸው ወለሉን እስኪነካ አጎንብሰው፣ «ተመስገን። ተመስገን አምላኬ» አሉ። ልጄ ተገደለች ተብላ ተመስገን ያለች እናት መነንም ሆነች ደጋጋ አይተው አያውቁም። ሔኖክ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ደጋጋ ደግፎ አስነሣቸው።

«አሁን እንዴት እንዳወቅኩ ልናገር። ይህ ወረቀት በፀሎት እጅ የተጻፈ ነው፤ ግጥሙ ግን የእሷ አይደለም። ጥጉ ላይ የግልባጭ ነጥብ አለ። ሔኖክ፣ ነጥቡን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ለኔ ብላ... ለኔ እንዲሆን ፈልጌ ነበር።»

«ለአንተ ብላ እንድትሞት» አለች መነን፤ ከዚያ በኋላ ወደ እሱ አልተመለሰችም። «ግጥሟ አይደለም እንበል። ታዲያ ስንብት እንዲመስል ጠረጴዛው ላይ ማን አኖረው? ከማኅበሩ ሰው አንዱ ገድሏት ቢሆን ይህን ወረቀት አያስቀምጥም፤ ሌላው አባል ገና ሲያየው ግልባጭ ነው እንደሚል ያውቃል። ይህን ያስቀመጠ ሰው በእጇ የጻፈችው ሁሉ የእሷ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ወጉን አያውቅም። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም።»

መነን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው።

«ሁለተኛው ነገር። ቅዳሜ ፀሎት በዝናብ በስብሳ ነው የገባችው። ጃንጥላዋን ይዞባት የሄደ ሰው ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ሁሉ ተበላሽቷል። ይህ አንዱ ብቻ ደርቋል፤ ደርቆም ተስተካክሏል፤ ጠርዙ ላይ ካውያ ያሳረረው ምልክት አለ። ለምታነበው ግጥም አዝኖላት በካውያ የተኮሰላት ሰው አለ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ ስትገባ አላየኋትም ብለውኛል።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ነበር። «አይቻታለሁ» አሉ። «ትንቀጠቀጥ ነበር። ፎጣ ሰጠኋት። ወረቀቴ ተበላሸብኝ ብላ ስታለቅስ አሳዘነችኝ፤ አምጪው ላድርቅልሽ አልኳት። ወረቀት ማድረቅ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ሲያደርቁት አነበቡት። ዛሬ እኔ ሳነብብልዎት ካውያዎ ለአፍታ እንኳ አልቆመም። ቁም ሣጥንዎ ውስጥ ደርቃ የጠነከረች ሎሚ አለች። የሞተች ልጅ ወረቀት ላይ የራሱ የልጅነት ምስጢር ተጽፎ የሰማ ሰው ይደነግጣል፤ ይህን ከየት አመጣችሁት ይላል። እርስዎ አልደነገጡም። ከዚያ በፊት ደንግጠው ጨርሰው ነበር።»

ከታች መንገድ ላይ የታክሲ ረዳት ተሳፋሪ ሲጠራ ይሰማል። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ወደ ባላቸው ሳይዞሩ፣ ወደ ወለሉ እያዩ ተናገሩ። ድምፃቸው ስለ አንሶላ የሚያወሩ ያህል የተረጋጋ ነበር። ያቺን ሎሚ ባላቸው የዛሬ አርባ ምናምን ዓመት በጥምቀት ወርውሮ ስቷቸው ነበር። እሱ አፍሮ ሸሸ፤ እሳቸው ሰው ሲበተን ተመልሰው አነሧት። ሳጥናቸው ውስጥ እንዳለች ለእናታቸው እንኳ አልነገሩም። ለእሱም አልነገሩም። ኖረው ኖረው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸው የምትሆን ሴት በእጇ ጽፋ፣ ሎሚዋን የራሷ አድርጋ፣ አንተ እያለች ስታወራ አነበቡ።

«ሣጥኔን ከፍቶ አይቶ ለሷ ነገራት አልኩ። ሁለቱ ቁጭ ብለው ሲስቁብኝ ታየኝ። ተከትያት ወጣሁ። ሰገነቱ ላይ ቆማ ጸጉሯን ትጨምቅ ነበር። ይህን ማን ነው የጻፈው ብዬ ጠየቅኳት። ደግ ነገር ብትነግረኝ እመለስ ነበር።» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተሰበረ። «ፈገግ አለች። አይነገርም እትዬ፣ ዛሬ ከኛ ጋር ቁጭ ብለው ይሰሙታል አለችኝ። ፈገግ ባትል ኖሮ...»

ወይዘሮ ጥሩዬ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

«ገፋኋት» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ። «ከአጥሩ ሥር ልደር አላለችም? አደረች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት።»

መነን ይህን ሰምታ መዝገቧን መዝጋት ትችል ነበር። የጠፋው ተገኝቷል፤ ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሕግ የለም። ነገር ግን አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ የእሱ ዝምታ ያቺን ልጅ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ሊያስቀብራት ነበር። ይህን ልትምርለት አልፈለገችም። ወረቀቱን አጥፋ እንደ ማኅበሩ ወግ ዙሪያውን አየችና ጠየቀች።

«ግጥሙ የማን ነው?»

አቶ ዘነበ የወንበሩን ጀርባ ተደግፈው ተነሡ።

«የኔ ነው።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ቀና አሉ። አቶ ዘነበ የሚያወሩት ለመነን ይመስል ነበር፤ ሚስታቸውን ማየት አልቻሉም። ካቻምና ጣሪያው አፍስሶ ልብስ ሲያወጡ ሣጥኗ ወድቃ ተከፈተች፤ ሎሚዋን አገኟት። ያን ዕለት በመሳታቸው ሲያፍሩ ነው የኖሩት፤ ሚስታቸው አንሥታት እንደነበር አላወቁም። መልሰው በቦታዋ አኖሯት፤ ምንም አላሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል ሲመርጡ ከርመው ግጥሙን በሚስታቸው አፍ ጻፉት፤ ልጃገረድ ሆና እሷ የምትናገር አድርገው። ሙዳዩ ውስጥ ከተቱት። ማን እንዳወጣው አላወቁም። አሁን ሲያስቡት ፀሎት እጃቸውን ለይታ፣ ሎሚዋ የማን እንደሆነች ገምታ፣ ባለቤትየዋን አስቀምጣ ልታሰማቸው አስባ ኖሯል።

«ይህን ቅዳሜ ዕለት ቢናገሩ ኖሮ?» አለች መነን።

«ሽማግሌ ነኝ ልጄ። ሬሳ ላይ ቆሜ፣ የፍቅር ግጥሜ ነው ብል ሰው ምን ይለኛል ብዬ...» አልጨረሱትም።

«እናቷ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ልጄ ሲኦል ገባች ብለው አለቀሱ። እርስዎ ሰው ምን ይለኛል ይላሉ።»

ጠዋት ሎሚዋን ጄኔሬሽን ያደረጋት ኤልዳድ አሁን ጫማውን ያያል።

ደጋጋ ወይዘሮ ሸዋአየሁን ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባላቸው ዞሩ። ስለ ገደሏት ልጅ እንኳ ያላለቀሱት ዐይኖቻቸው አሁን ሞልተው ነበር።

«ለኔ ነው የጻፍከው?»

«ላንቺ ነው ሸዋዬ።»

«ታዲያ ለምን ለኔ አላነበብክልኝም? እታች ነበርኩ እኮ። ሁልጊዜ እታች ነኝ።»

«ግጥም አትወጂም ብዬ» አሉ አቶ ዘነበ።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ደረጃውን ሲወርዱ መከታውን በእጃቸው እየዳበሱ፣ የቤታቸውን እንጨት ሲሰናበቱት ይመስል ነበር። ወይዘሮ ጥሩዬ ከኋላቸው ቆመው አዩዋቸው። ሁሉም ይሰድቧቸዋል ወይም ይተፉባቸዋል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ፎጣ ሰጠኋት አልሽ አይደል?» አሉ። «ጸጉሯ ደርቆ ነበር?»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ይህን ሲሰሙ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ ደጋጋ ተሸክሞ አወረዳቸው።

ማክሰኞ ዕለት ፀሎት ቂርቆስ ተቀበረች፤ ቄሶቹ በሙሉ ፍትሐት ከአባቷ ጎን አሳረፏት። ሔኖክ ጃንጥላውን ይዞ መጥቷል፤ ማንም አጠገቡ አልቆመም። አቶ ዘነበ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ መንገዱ ዳር ቆመው ቀሩ፤ ግቡ ያላቸውም ውጡ ያላቸውም አልነበረም። ኢንስፔክተር መነን ከሰው ኋላ ቆማ ወይዘሮ ጥሩዬን ትመለከት ነበር። እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከአንዱ ለቀስተኛ ወደ ሌላው እየሄዱ፣ ለዘመድም ለጎረቤትም፣ ላልጠየቃቸውም ጭምር ያንኑ ቃል ይደጋግሙ ነበር። ያልሰማ ሰው የሠርግ ጥሪ ይመስለዋል።

«ልጄን ገደሉብኝ» ይሉ ነበር ቀና ብለው። «ሰው ነው የገደለብኝ።»